አሥራ ሁለተኛው ቤት

ናዝሬት፣ መስከረም 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ውድ ዲንቄ፣

ይህ የጀመርሁት አምስተኛው ደብዳቤ ነው። አራቱን ቀድጃቸዋለሁ። የመጀመሪያው ሳላስበው ስብከት ሆነብኝ። በሁለተኛው ራሴን አጥብቄ ረገምሁ፤ መልሼ ሳነበው ግን እርግማኑ አማረኝ፤ ስለዚህ ቀደድሁት። በሦስተኛው «እርስዎ» ብዬሽ ነበር። አሥራ አራት ዓመት «አንቺ» ስልሽ ኖሬ ድንገት «እርስዎ» ስልሽ ልቤን ደስ አለው፤ ደስታው አጠራጠረኝ። ያየው ሰው «እኚህ ቄስ እንዴት ያሉ ትሑት ናቸው!» እንዲል የጻፍሁት መሰለኝ። አራተኛውን ለምን እንደ ቀደድሁት እንኳ አላስታውስም። እንግዲህ እንደ ለመድነው «አንቺ» ልበልሽ። «ልጄ» ማለቱን ግን ልተወው፤ የበደልሁሽ አባትሽ ነኝ ባልሁበት አፍ ነውና።

ልጅሽ ገላኔ እንድታነብልሽ ነው የምጽፈው። ገላኔ፣ የሚያሳፍረኝ ቦታ ላይ ስትደርሺ አዝነሽልኝ እንዳታልፊው። ድምፅሽንም ዝቅ አታድርጊ።

ነፋሱ የመንገዱን አቧራ እያነሣ ቤቴ ድረስ ያመጣዋል። መስኮቱን ስዘጋ ይሞቀኛል፤ ስከፍት ወረቀቱ ይበርርብኛል። እነሣለሁ፤ እቀመጣለሁ። ትናንት ለሦስተኛ ጊዜ እስከ መናኸሪያው ሄጄ፣ «ሞጆ! ሞጆ!» የሚለውን ጥሪ ቆሜ ሰምቼ፣ ሳልሳፈር ተመልሻለሁ። ዳዊት ልደግም ስቀመጥ ዓይኔ መስመሩን ይከተላል፤ ለልቤ ግን አንዲት ነጭ ጨርቅ ትታየዋለች። የትኛዋን ጨርቅ እንደምል ታውቂያለሽ።

የሆነውን ከመጀመሪያው ልናገር። አንቺ ሳታውቂው ቀርተሽ አይደለም፤ እኔ በራሴ አፍ ተናግሬው ስለማላውቅ ነው።

ወይዘሮ ዘርፉ ያረፈች ጊዜ የቅዱስ ሚካኤል ማኅበራችን አሥራ አንድ ሰው ቀረው። አሥራ ሁለተኛ ሆነሽ እንድትገቢ የጠየቅሁሽ እኔ ነበርሁ። በፔንሲዮኑ የእንግዳ አንሶላ ስታጥቢ ውለሽ፣ ጣቶችሽ ከበረኪናው ነጥተው፣ ወር በገባ በአሥራ ሁለት ሳትቀሪ ትመጪ ነበር። ከኅዳር እስከ መስከረም በአሥራ አንድ ቤት ገባሽ። በየቤቱ እንግዳ ሆነሽ አትቀመጪም፤ ነጠላሽን አደግድገሽ ወደ ጓዳ ትዘልቂያለሽ፣ ዳቦ ትቆርሻለሽ፣ ጠላ ትቀጃለሽ። ስትሰነባበቺም ለቤቱ ባለቤት «የእኔ ደግሞ በጥቅምት ነው» ትያት ነበር። ይህን ስትዪ ሰምቻለሁ፤ አንድ ጊዜ ብቻም አይደለም። ሰምቼ ግን ልብ አላልሁም።

ያለፈው ዓመት መስከረም አሥራ ሁለት በአቶ ኃይለየሱስ ቤት ነበርን። ጸሎቱ አለቀ፤ ጠበሉ ተቀመሰ። ኃይለየሱስ የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴ፣ እንደ መሆኑ ተነሥቶ «አባ፣ ቀጣይዋ ተረኛ ዲንቄ ናት» አለ። አንቺም ከበሩ አጠገብ ተነሣሽ። ነጩን ጨርቅ በሁለት ክንድሽ ላይ ዘርግተሽ፣ ጽዋውን ከእጄ ተቀብለሽ ወደ ቤትሽ ልትወስጂ ወደ እኔ መጣሽ። ጨርቁ አዲስ አልነበረም፤ እንደዚያ ያለ ንጣት ግን ዓይቼ አላውቅም። እኔም ጽዋውን ይዤ፣ እንዲህ አልሁ፤

«ዲንቄ ልጄ፣ ቤትሽን እናውቀዋለን፤ አንዲት ክፍል ናት። ጉልበትሽንም እናውቀዋለን። አንቺን ማስቸገር ቅዱስ ሚካኤልንም ደስ አያሰኘውም። ማኅበሩ ያሳልፍሻል፤ አንቺ መጥተሽ መብላት ብቻ ነው። ከአንቺ ቀጣይዋ ሸዋወርቅ ትቀበል።»

ሰዉ ሁሉ «እውነት ነው! ቃለ ሕይወት ያሰማልን!» አለ። ከወዲያ በኩል «እንዲህ ያለ አባት ከወዴት ይገኛል?» የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ቃሉ ጆሮዬ ውስጥ እንደ ማር ሲንጠባጠብ ትዝ ይለኛል። አንቺ ክንድሽን እንደ ዘረጋሽ ጥቂት ቆምሽ። ከዚያ «እሺ አባቴ» አልሽ። ጨርቁን አጠፍሽው፤ ደግመሽ አጠፍሽው፤ አንሶላ እንደምታጥፊ ጠርዝን ከጠርዝ አገናኝተሽ፣ በእጅሽ ዳብሰሽ፣ ከብብትሽ ሥር አደረግሽው። በጓዳ በኩል ወጣሽ። ምርቃቱን አልጠበቅሽም። እኔም ቸኩለሽ መሰለኝ።

በልቤ የነበረው ርኅራኄ ብቻ ነበር ብል እዋሻለሁ። ከዚያ በፊት በክረምት ቤትሽን ጠበል ልረጭ መጥቼ አልነበር? ወንበር ስላልነበረሽ አልጋሽ ጫፍ ላይ አስቀመጥሽኝ። ጉልበቴ ከበሩ ጋር ተጋጨ፤ የበረኪናው ሽታ አፍንጫዬን ያዘኝ፤ የግቢው ሰው በመስኮት ያየኝ ነበር። «ቆሎ ልቆላልዎ» ስትዪኝ «ሌላ ቤት ይጠብቁኛል» አልሁሽ። ማንም አልጠበቀኝም። እንግዲህ በመስከረም ጽዋውን ይዤ ስቆም ዓይኔ ላይ የመጣው ያ በር ነበር። የሸሸሁት የአንቺን መቸገር አይደለም፤ የራሴን መቸገር ነው። ስሙን ግን ርኅራኄ አልሁት፤ ሕዝቡም አመነኝ፤ እኔም ራሴን አመንሁት።

ከዚያ በኋላ ከማኅበሩ ቀረሽ። በጥር ቤትሽን ለቅቀሽ ወደ ሞጆ፣ ወደ ገላኔ መሄድሽን ከሰው ሰማሁ። «እሰይ፣ ልጇ ጠራቻት» አልሁ። ወደ ሌላ ጉዳዬም ሄድሁ።

በዚያ ወራት ምን ስሠራ እንደ ነበር ልንገርሽ፤ ያስቅሻል። ሰው ሳይነሣ በማለዳ የደብሩን ቅጥር እጠርግ ነበር። በድግስ ቤት ከመጨረሻው መቀመጫ እቀመጥ ነበር። የተቀደደ ጫማዬን ሳልቀይር ዓመቱን አጋመስሁ፤ ልጆቼ አዲስ ሲገዙልኝ ለሰው ሰጠሁ። ሰው ሳይነሣ እጠርጋለሁ አልሁ እንጂ፣ ሰው የሚነሣበትን ሰዓት አውቅ ነበር፤ መጥረጊያው ከእጄ የሚወርደው የመጀመሪያዎቹ አስቀዳሾች ከደረሱ በኋላ ነው። «አባ፣ እርስዎ ደግሞ!» ሲሉኝ ወገቤ ጎንበስ ይላል፤ ልቤ ግን ቀጥ ብሎ ይቆማል። አርባ ዓመት ስለ ትሕትና አስተምሬ፣ ትሕትና ማለት ዝቅ ብሎ መታየት ይመስለኝ ነበር።

በሐምሌ አንድ ቀን ከልቅሶ ስመለስ የተሳፈርሁባት ባጃጅ ጎማ ተነፈሰ። ነጂው እየገፋ ከአንድ ጎሚስታ በር አደረሳት። ጎማውን ሊፈታ የተቀመጠው ሰው ቀና ብሎ አየኝና እጁን በጨርቅ ጠረገ።

«አካም ጂርቱ አባ! እርስዎ የአደ ዲንቄ ቄስ አይደሉም?»

«ነኝ። አንተስ ማነህ ልጄ?»

«ኡበይደላ እባላለሁ፤ ጎረቤቷ ነበርኩ። ጎማው እስኪለጠፍ አንድ ነገር ላሳይዎ፤ ግቢው እዚሁ ከኋላ ነው።»

ተከተልሁት። ከእርሱ ቤትና ከአንቺ ክፍል መካከል የነበረው የቆርቆሮ አጥር የለም። ቆርቆሮዎቹ በአንድ ወገን ከግድግዳ ተደግፈው፣ የዓመቱ ዝናብ አዝጓቸዋል፤ ምሰሶዎቹ የቆሙበት ጉድጓድ በአፈር ተደፍኗል።

«ይህ ምንድን ነው?» አልሁት።

«አጥር ነበር። 'ኡበይደላ፣ ማኅበርተኞቹ ከእኔ ጋር አሥራ ሁለት ናቸው፤ ቄሱ ሲጨመሩ አሥራ ሦስት፤ የት አስቀምጣቸዋለሁ?' ብላ ስትጨነቅብኝ አፈረስኩት። ከእድር አግዳሚ ወንበር ተዋስን። እየደረደርን ለካን፤ አሥራ ስምንት ሰው ያስቀምጣል። እሷ ከጳጉሜ ጀምራ ብቅል ስታበቅል ነበር፤ ግቢው በሙሉ ጌሾ ጌሾ ይል ነበር። እኔ ጠላችሁን አልጠጣም፣ ሥጋችሁንም አልበላም። ግን የእሷ እንግዳ የእኔም እንግዳ ነው ብዬ ሚስቴን 'ለልጆቹ ጫማ እጠቢ፤ ሰው ይመጣል' አልኳት።»

«ብቅሉስ?» አልሁት፤ ለምን ይህን እንደ ጠየቅሁ እስከ ዛሬ አላውቅም።

«ለጎረቤት አከፋፈለችው። 'እኔ እንደሆነ አይወርድልኝም' አለች።»

«አጥሩን ለምን አልመለስኸውም?»

«እሷ ናት ያስቆመችኝ። 'ቆይ፣ በሌላ ወር ይጠሩኝ ይሆናል' ትላለች። እስከ ጥር ጠበቅን። ከሄደች በኋላ ደግሞ እጄ አልታዘዝ አለኝ።» ከዚያም እንደ መሳቅ ብሎ፣ ዓይኑን ግን ከዓይኔ ሳያነሣ «አይቆጡኝና አባ፣ ቤቱ ለእኛ ሰፍቶልን ነበር፤ ለእናንተ ነው የጠበበው» አለኝ።

ከውጭ የባጃጁ ነጂ ጥሩምባ ነፋ። ኡበይደላ የጎማውን ዋጋ አልቀበልም ብሎ ሸኘኝ። እኔም፣ ዲንቄ፣ ያን ቀን እንኳ ስጦታውን በእሺታ አልተቀበልሁትም፤ ብሩን ከመፍቻዎቹ መካከል ወርውሬ ሮጥሁ።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ዕረፍት የለኝም። የማኅበር ሰው በአሥራ አንድ ቤት በልቶ በራሱ ቤት ካላበላ ምን ይባላል? ይህን ስም በአንቺ ላይ የለጠፍሁት እኔ ነኝ። ማኅበርተኛ ሆነሽ ገብተሽ ነበር፤ «መጥተሽ መብላት ብቻ ነው» ስልሽ በሰው ፊት ተመጽዋች አደረግሁሽ። እጅ የሚዘረጋው ለመቀበል ብቻ መስሎኝ ነበር፤ አንቺ የዘረጋሽው ልትሰጪን ነበር።

በነሐሴ መጨረሻ ወደ ሞጆ መምጣቴን ታውቂያለሽ። የመጣሁበትን መንገድ ግን አታውቂም። አሥር ኪሎ ዱቄትና አምስት ሊትር ዘይት ተሸክሜ ሚኒባስ ተሳፈርሁ። የፊቱን ወንበር ሲለቅቁልኝ «ግድ የላችሁም፤ ለእኔ ኋላው ይበቃኛል» ብዬ በሩ ላይ ቆምሁ። ኋላው ሞልቶ ነበር። እነርሱ «ይግቡ» ይላሉ፤ እኔ «ግድ የለም» እላለሁ። ከኋላዬ የሽንኩርት ከረጢት ያዘለች አንዲት ነጋዴ ፀሐይ ላይ ቆማ ኖሮ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «አባቴ፣ ትሕትናዎ በሩን ዘጋብን እኮ! ይቀመጡና እንሂድ!» አለች። መኪናው በሙሉ ሳቀ። ፊት ተቀመጥሁ። እስከ ሞጆ ድረስ አንገቴን ወደ ኋላ አላዞርሁም። ያቺ ሴት ከብዙ መምህራን ይልቅ አስተምራኛለች፤ ትምህርቷ ግን የገባኝ ስመለስ ነው።

ከመናኸሪያው እስከ ቤታችሁ ያለውን መንገድ በከባድ መኪኖች መካከል እየተጠማዘዝሁ፣ ዱቄቱን ከትከሻ ወደ ትከሻ እያዛወርሁ መጣሁ። ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር። ምላሴ ከላንቃዬ ተጣበቀ። ገላኔ ከቆዳ ፋብሪካው ገና መመለሷ ነበር፤ የጎማ ቦት ጫማዋን አላወለቀችም።

«ቀሲስ ማናሴ ነኝ፤ ከናዝሬት» አልኋት።

«አውቄዎታለሁ አባ» አለች። ከበሩ ላይ ግን አልተነሣችም።

«እናትሽ አለች?»

«ተኝታለች።»

ከመጋረጃው ወዲያ ሳልሽ። ከዚያ ድምፅሽን ሰማሁት፤ ከመስከረም ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፤ «ገላኔ፣ አባን ውኃ አጠጪ።»

ገላኔ ገብታ በቆርቆሮ ኩባያ ውኃ ይዛ ወጣች። ከሥሩ ሳሕን አድርጋ፣ በሁለት እጅዋ፣ ጎንበስ ብላ ዘረጋችልኝ። ውኃው ቀዝቃዛ ነበር፤ ኩባያው አልቦት ነበር፤ አየሁት። እኔም፣ እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣ ሳላስበው አፌ ከልማዱ የተነሣ «አትቸገሩ ልጄ፤ አልጠማኝም። ይልቅ ይህን ተቀበይኝ» አለ። ዱቄቱንም ወደ ፊት ገፋሁት።

እጆችዋ እንደ ተዘረጉ ቀሩ። ዲንቄ፣ የአንቺ እጆች ነበሩ። ያው አዘረጋግ፣ ያው ክንድ። የጎደለው ነጩ ጨርቅ ብቻ ነው።

«ለውኃም ታዝኑልናላችሁ እንዴ አባ?» አለችኝ ገላኔ። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። «እናቴ ዱቄት አጥታ አይደለም ከአዳማ የወጣችው። ዱቄት አለን። ያመጡትን ይዘው ይመለሱና ለተቸገረ ይስጡት። እኛ ያጣነው እንግዳ ነው።»

ከመጋረጃው ወዲያ «ገላኔ፣ አባን እንዲህ አይሏቸውም» ትዪያት ይሆን ብዬ ጠበቅሁ። አላልሽም። ደግ አደረግሽ።

የቀረውን ደግሞ ስሚ፤ የሚያሳፍረኝ ቦታ ይህ ነው፤ ገላኔ፣ እንዳታልፊው። ከበራችሁ ተመልሼ መናኸሪያው አጠገብ ካለች ሱቅ የታሸገ ውኃ ገዛሁ። ቆሜ፣ በአንድ ትንፋሽ፣ እስኪያንቀኝ ጠጣሁት። ከእጃችሁ ልጠጣው ያልወደድሁትን ውኃ በገንዘቤ ጠጣሁት።

ወደ ንስሐ አባቴ ሄድሁ። ዕድሜያቸው ከእኔ ያለፈ፣ ዓይናቸው የደከመ መነኵሴ ናቸው። ሁሉንም ነገርኋቸው። ከቅዳሴ አገልግሎትም በራሴ ፈቃድ እንደ ራቅሁ፣ ከታረቅሁ በኋላ እንጂ መሥዋዕቱን ላነሣ እንደማልደፍር አስረዳሁ። አርባ ቀን ስግደት ይስጡኝ አልኋቸው። «ስግደትማ ትወደዋለህ» አሉኝ። «ከጾምም አታንስም። ለአንተ ሌላ ቀኖና የለኝም፤ ሂድና ከእጇ ብላ።»

«ባትሰጠኝስ አባቴ?»

«ተርበህ ትመለሳለሃ! ደሃ ስንቱን ቀን እንዲህ ሲመለስ ኖሯል።»

ይህን ቀኖና ተሸክሜ ነው የምቅበጠበጠው። ጴጥሮስ «እግሬንማ አታጥብም» ባለ ጊዜ በጌታው ፊት ራሱን ዝቅ ያደረገ መስሎት ነበር። ስንት ጊዜ ይህን አስተማርሁ! የሚያጥብ ሰው ጎንበስ ይላል፤ የሚታጠብ ግን የቆሸሸ እግሩን በሰው እጅ ላይ ያኖራል። እኔ ማጠቡን በየዓመቱ ጸሎተ ሐሙስ አደርገዋለሁ፤ እግሬን ግን ለማንም አልሰጠሁም። ባሕርን የፈጠረ ጌታ ደክሞት ከጉድጓድ አጠገብ ተቀምጦ፣ አንዲትን ሴት ውኃ ለመናት። የዘኬዎስንም ቤት «ዛሬ በአንተ ዘንድ እውላለሁ» ብሎ ራሱን ጋብዞ ገባ፤ «አላስቸግርህም» አላለውም። ይህን ሁሉ በቃሌ አውቀዋለሁ። እኅቴ፣ ማወቄ ምን ረባኝ? ነጋዴዋ በሩ ላይ ስታስነሣኝ ከእኔ የተሻለ ታውቅ ነበር።

በዚህ በያዝነው ወር በአሥራ ሁለት በሸዋወርቅ ቤት ተሰበሰብን። የአንቺ ተራ ስለ ተዘለለ ዙሩ በአንድ ወር ቀድሞ ነበር የደረሳት። ከጸሎት በኋላ ተነሥቼ፣ በዚህ ደብዳቤ የጻፍሁትን ነገርኋቸው፤ በሩን፣ የበረኪናውን ሽታ፣ የአጥሩን ቆርቆሮ፣ ውኃውን። ገና ሳልጨርስ አንዲቱ እንባዋን እየጠረገች «እንዴት ያለ ትሕትና ነው!» አለች። ጭንቅላቴን ልይዝ ምንም አልቀረኝም። «እባካችሁ፣ አታድንቁኝ! ስለዚህ ነገር ብቻ አታድንቁኝ!» አልሁ።

ኃይለየሱስ ግን ተቆጣ። «አባ፣ ይህ ነገር ባይነሣ ይሻል ነበር። ካህን በሰው ፊት 'ተሳሳትሁ' ካለ ነገ ማን ይሰማዋል? ደግሞስ ማን ከፋኝ አለ? ዲንቄ ራሷ 'እሺ' ብላለች።»

ሸዋወርቅ ከጓዳ ጭልፋዋን እንደ ያዘች ወጣች። «ኃይሌ፣ አንተ ዝም በል! ያን ቀን 'እንዲህ ያለ አባት ከወዴት ይገኛል' ያልከው አንተ አይደለህም? ከጎኗ የቆምኩት እኔ ነኝ፤ ዓይኗን ያየሁት እኔ ነኝ። 'እሺ' ሁሉ እሺ ነው እንዴ?»

ኃይለየሱስ አቀረቀረ። ከዚያ እርስዋ ጭልፋውን አኑራ፣ እጅዋን ታጥባ፣ ጽዋውን አመጣች። ቀጣዩ ተረኛ ሊቀበል ተነሥቶ ነበር፤ እርስዋ ግን አልፋው በፊቴ ቆመች። «እኔ ይህን ለሌላ ሰው አላሳልፍም አባ። ባለፈው ዓመት ስቀበል የሰው ተራ መሆኑን እያወቅኩ ተቀብያለሁ፤ የእኔም ኃጢአት ነው። ለባለቤቱ እርስዎ ያድርሱት» አለችኝ። ማንም አልተቃወመም። ኃይለየሱስም ስንወጣ ከበሩ ላይ ጠብቆኝ፣ ወደ ጫማው እያየ፣ «ከተቀበለችን እኔም እመጣለሁ በሏት» አለኝ።

ስለዚህ ጽዋው እነሆ በጠረጴዛዬ ላይ ከዚህ ወረቀት አጠገብ ተቀምጧል። እያየሁት እጽፋለሁ። ነፋሱ ሲነሣ የተሸፈነበት ጨርቅ ጫፍ ይርገበገባል፤ የሰው እጅ የሚጎትተው ይመስለኛል። ጥቅምት አሥራ ሁለት ሊደርስ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ጠላ ለመጥመቅ ጊዜው አጭር እንደ ሆነ አውቃለሁ፤ ደግሞ እኮ እኔ ይህን ማሰቤ አሁንም የአንቺን ድካም በአንቺ ቦታ መመዘኔ ነው። ልተወው። ውኃና ዳቦም ከሆነ የአንቺ ጉዳይ ነው፤ ማኅበሩን ጦም ብትሰጂውም የአንቺ ጉዳይ ነው።

ደብዳቤውን የሚያደርስልሽ ኡበይደላ ነው፤ አሮጌ ጎማ ሊገዛ ሐሙስ ሞጆ ይወርዳል። ለእርሱም የሠራሁትን ነግሬዋለሁ። አልተገረመም። «ክፍሏን ሌላ ሰው ቢከራያትም፣ ግቢው እንዳለ ነው በሏት። እሞጆ ከጠበባት እዚህ ታብላቸው። አጥሩን አልመለስኩም» ብሎሻል። እኔ ግን የትኛው ይሻላል ብዬ አልመርጥልሽም። አንቺ በጠራሽን እንመጣለን።

በመጪው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ አፌን ሳልሽር፣ ወደ ሞጆ እመጣለሁ። ዱቄት አልይዝም፤ ዘይት አልይዝም። የምይዘው ጽዋውን ብቻ ነው፤ እርሱም ስጦታዬ አይደለም፤ ዓመት ያዘገየሁት ተራሽ ነው። ድንጋይ ተሸክሜ እግርሽ ላይ ልወድቅ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ጎረቤት ያያል፤ አይቶም ያደንቀኛል፤ አንቺም በሰው ፊት ሳትወጂ «ይማርዎ» ለማለት ትገደጃለሽ። ሁለተኛ በሰው ፊት «እሺ» አላሰኝሽም። ስለዚህ በሩን አንኳኩቼ ቆሜ እጠብቃለሁ። ጽዋውን ብትቀበዪ፣ ነጩን ጨርቅ ዘርግተሽ ተቀበዪኝ። ባትቀበዪ ይዤው እመለሳለሁ፤ ለማኅበሩም «እኔ አሳለፍኋት፤ እርስዋም አሳለፈችን» እላለሁ፤ ቅር አይለኝም ብዬ ግን አልዋሽሽም።

አንዲት ነገር ብቻ እለምንሻለሁ፤ ጽዋውን ብትቀበዪም ባትቀበዪም። ያን የመለስሁትን ውኃ ስጪኝ፤ በዚያው በቆርቆሮው ኩባያ። ያን ቀን በበራችሁ ቆሜ ዋሽቻለሁ። ጠምቶኝ ነበር።

አሁንም ጠምቶኛል።

እንግዳሽ ታደርጊው ዘንድ የሚለምንሽ፣
ማናሴ